መርዶ ነጋሪው ፕሬዚዳንታችን

የእንድሪስን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ያውም ከማላውቀው ሰው፣ ያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። ቆቦ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከሰል ከጫነ አይሱዙ ጎን ቆሜ «ሃሎ፣ ማን? የማን?» እያልኩ ስጮህ፣ ሰውየው በበኩሉ «እንድሪስ ሞቷል። እንድሪስ። ይሰማል?» እያለ ይጮኻል። ይሰማል። ከሰል ጫኙም ሰምቶ ሥራውን አቁሟል። ክፉ ወሬ እንዴት ተደርጎ እንደሚነገር የራያን ቆላ ያስተማረ ሰው፣ የራሱ መርዶ እንደ በግ ዋጋ መንገድ ላይ ተጮኸ። ቢሰማ ኖሮ ራሱን እየነቀነቀ «ሥነ ሥርዓት የሌላችሁ» ይለን ነበር።

ለመስክ ሥራ ሲወጡ መኪናው ተገልብጦ ነው። አብረውት የነበሩት ሁሉ ተርፈዋል፤ እሱ ድሮም ከሰው የተለየ ነገር ማድረግ ይወዳል። ጀናዛው ሌሊቱን ተጉዞ በማግስቱ ረፋድ ላይ መንደሩ ይደርሳል። «እናቱ አልሰሙም። እናንተ እዚያ ያላችሁት ታውቃላችሁ» አለና ሰውየው ስልኩን ዘጋው።

ጀናዛው ከመድረሱ በፊት ለእማማ ሐዋ ማን ሄዶ ይነግራቸዋል? ለሌላ ሰው እናት ቢሆን ጥያቄው ይህን ያህል አይከብድም ነበር። አገሩ ወግ አለው፣ የሚነግር ሰው አለው፣ የሚነገርበት ሰዓት አለው። ለእማማ ሐዋ ግን ያ ወግ አይሠራም፤ ያበላሸውም የገዛ ልጃቸው ነው። እንዴት እንዳበላሸው ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እኔ የቆቦ ከተማ ልጅ ነኝ። እንድሪስ ደግሞ ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ ካለ መንደር ነው። የተዋወቅነው ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው፤ ከአገር ካልራቁ የአገር ልጅን ማን ልብ ይለዋል? ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎፈሬያም ነበር። ግቢ ውስጥ ዱላ ይዞ የሚሄድ ተማሪ ከሱ በቀር አላየሁም። ዘበኞቹ ሲገባ ይቀሙታል፣ ሲወጣ ይመልሱለታል። እንዲህ ሲቀማና ሲመለስለት ከዘበኞቹ ሁሉ ጋር ወዳጅ ሆኖ የልጆቻቸውን ስም ሳይቀር አወቀ። «ዱላው ለምንህ ነው?» ስንለው «እጄን ታዲያ የት ላድርገው?» ይላል። እኛ ሥልጣኔ ስለገባን እጃችንን ኪሳችን ውስጥ ከትተን ነበር የምንሄደው።

ለተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ተቀናቃኙ ክራቫት ያሰረ የሕግ ተማሪ ነበር። ክራቫቱ ብዙ ቃል ገባ። ኢንተርኔት እስከ አልጋችን ድረስ ይመጣል አለ፣ ሥጋ በየቀኑ ይሆናል አለ፣ ሻወር ቤቶቹ ሙቅ ውሃ ይኖራቸዋል አለ። ቀዝቃዛው ውሃ እንኳ በማይመጣበት ግቢ ሙቅ ውሃ ቃል መግባት ድፍረት ይጠይቃል። አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥሎ እንድሪስ ወጣ። ዱላውን በር ላይ ስለተቀማ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ትንሽ ተንቆራጠጠ።

«እንግዲህ» አለ፣ «የካፌው ወጥ እኔ ብመረጥም ባልመረጥም ያው ነው። ወጥ ሠሪዎቹን ጠይቄያቸዋለሁ። ውሃውም በመጣበት ቀን ይመጣል። እኔ አንዲት ነገር ብቻ እላችኋለሁ። የተባረረ ሰው ብቻውን ቤቱ አይሄድም። እኔ አደርሰዋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ገና ሳንባረር ሸኚ መጣልን» አለ። እውነቱን ነው፤ ማን ነው እኔ እባረራለሁ ብሎ ድምፅ የሚሰጥ? ነገር ግን ምርጫው የዋለው የፈተና ውጤት በተለጠፈ ማግስት ነበር። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሕዝብ ስለ ሙቅ ውሃ አያስብም። እንድሪስ በሰፊ ድምፅ አሸነፈ። ታሪክ ሠራ የሚሉ ነበሩ፤ እኔ እንደማውቀው ታሪኩን የሠራው ሪጅስትራሩ ነው።

እኔ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ሌላ ችሎታ የጠየቀኝ የለም። ኅብረታችን አንድ ክፍል፣ አንድ ማኅተምና የማይዘጋ በር ነበረው። የቀሩት የሥራ አስፈጻሚ አባላት ዋና ሥራቸው አዲስ አበባ ለስብሰባ መሄድ ነበር። ሲመለሱ የስብሰባውን ባጅ ከአንገታቸው አያወልቁትም። አንዱ ውሃ በመጣ ቀን ሻወር ቤት ውስጥም አድርጎት ታይቷል ይባላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ከመተዳደሪያ ደንባችን አብልጠው የሚያውቁ ልጆች ነበሩ። እንድሪስ አንድም ስብሰባ አልሄደም። «እዚያ የተባረረ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። «የለም» ይሉታል። «በሉ ሂዱ፣ በደኅና ግቡ» ብሎ ይሸኛቸዋል።

ኅብረቱ ተማሪ እንዳይባረር ማድረግ ይችል ነበር ወይ ካላችሁ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። እንድሪስ ይህን ስለሚያውቅ ዲኑ ዘንድ ለክርክር አይሄድም ነበር። የሚሄደው ለሰላምታ ነው። የኛ አገር ሰላምታ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አያልቅም። ዲኑ አቤቱታ ሊያቀርብ መጣ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ ወንበር ስቦ «እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡ ደኅና? ዝናቡስ በናንተ በኩል እንዴት ያለ ነው? ከብቱ አማን ነው?» ይላል። ዲኑ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምንም ከብት የለውም። መጀመሪያ ሰሞን ሰዓቱን እያየ ነበር የሚመልሰው። በኋላ ግን አባቱ አገር ቤት ስላላቸው አንድ ቀንዳም በሬ ሲያወራለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሬው ታሞ ሰነበተ፤ እንድሪስም እየተመላለሰ የበሬውን ጤና ይጠይቃል። በሬው በዳነ ሰሞን ለሁለት ልጆች ቅጣቱ ከመባረር ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ተደረገላቸው። ለምን እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዴት እንደምጽፈው ግራ ገብቶኝ ተውኩት።

ለቀሩት ግን በሬም አያድናቸውም። እንድሪስ ያን ሁሉ ሳቅ የተሳቀበትን ቃሉን የተናገረው ለነሱ ነው።

አገራችንን ለማያውቅ ሰው ይህን ልንገር። አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሱ ብቻውን አይደለም የሚገባው፤ መንደሩ ተከትሎት ይገባል። ልጁ ገና አንድ ፈተና ሳይፈተን አባቱ ገበያ ላይ «የኢንጂነሩ አባት» ተብለው ይጠራሉ። እንዲህ ተደርጎ የተሸኘ ልጅ ሲባረር፣ እቤቱ ከሚገባ ሞቱን ይመርጣል። አውቶቡስ ቆቦ ላይ ሲያወርደው ወደ መንደሩ አይዞርም፣ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። በዚያ በኩል ሜዳው አለ፣ ከሜዳው ወዲያ የዞብል ተራራ፣ ከተራራው ወዲያ የአፋር በረሃ፣ ከበረሃው ወዲያ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ሳዑዲ። ደላላው መናኸሪያ በር ላይ ሻዩን ይዞ ይጠብቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ያባረረውን ያለ መግቢያ ፈተና የሚቀበል እሱ ብቻ ነው። ስንቱ በዚያ መንገድ እንደቀረ የሚያውቅ የለም። እናቶቻቸው ደግሞ ልጃችን እየተማረ ነው ብለው በየበዓሉ ከሩቅ ይመርቃሉ።

እንድሪስ መንገዱን ያውቀዋል፣ ሄዶበታል። ገና መጀመሪያ ዓመት ላይ ለአንድ ዓመት ታግዶ ለማንም ሳይናገር ተራራውን ተሻገረ። በረሃው ላይ በትኩሳት ወደቀ። የአፋር ግመል ነጂዎች አግኝተውት፣ ወተት እያጠጡ አስታምመው፣ ወደዚህ በሚመለስ የጨው መኪና ሰደዱት። እሱ እስኪመለስ ግን «የቆቦ ልጆች በረሃ ላይ አለቁ» የሚለው ወሬ ቀድሞት እቤቱ ደርሷል። እማማ ሐዋ ሀዘን ተቀምጠው፣ ዱዓ አስደርገው፣ ሰደቃውን አውጥተው ጨርሰዋል። በበራቸው ሲገባ አላመኑም፤ ተነሥተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት።

«እማ፣ ተባርሬ ነው» አላቸው እያለቀሰ።

እማማ ሐዋ ሳቁ። «ተባረርኩ ትለኛለህ?» አሉት። «እኔ እኮ ቀብሬህ ነበር። መባረርማ ምን አላት።»

ይህን ታሪክ ለተባረረ ሰው ሁሉ ያወራል። ሲጨርስ ሁልጊዜ «ሳቀች እኮ፣ ወላሂ ሳቀች» ይላል። ስንት ጊዜ አውርቶትም ለራሱ አዲስ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ያደረስነው ልጅ የሮቢቱ ካሳው ነው። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ውጤቱ እንደተለጠፈ ከዶርም ጠፋ። እንድሪስ እኔን እየጎተተ ቆቦ ወረደ። መናኸሪያውን ዞር ብሎም አላየውም፤ የበረሃው መንገደኛ ወደሚነሣበት ግመል ተራ ቀጥ ብሎ ሄደ። ካሳው ልብሱን በፌስታል ታቅፎ ደላላው ጎን ተቀምጧል። እንድሪስ አልተቆጣውም፣ አልመከረውም። በለስ ገዝቶ አጠገቡ ቁጭ አለና እያስላጠ ያቀብለው ጀመር። ደላላውንም ጋበዘው፤ ደላላውም ሳያፍር በላ። በለሱ ሲያልቅ ካሳው የበረሃውን ታሪክ ከነሳቁ ሰምቶ፣ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጦ ነበር።

«አባቴን አታውቀውም» አለ ካሳው። «ይገለኛል።»

«አይገልህም» አለው እንድሪስ። «እኛ ቀድመን እንነግርልሃለን።»

የካሳው አባት ቁጡ መሆናቸውን ሮቢት በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ የሚያበርዳቸው ሽማግሌ ያስፈልጋል ብለን አያ ደርቤን ለመንን። አያ ደርቤ የቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ሁለት ሦስት ሰው አስከትለው ሄደው መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ፊታቸውም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ሠርግ ላይ እንኳ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጦ መብላት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። እኛ አንድ አባት እንዲመክሩልን ለመንናቸው እንጂ በስንት ሰዓት እንደምንሄድ አልጠየቅናቸውም። እሳቸው ደግሞ ሰው ቤት ለቁም ነገር የሚኬድበት ሰዓት አንድ ብቻ ነው የሚያውቁት።

ሮቢት የደረስነው ጎሕ ሲቀድ ነው። ካሳውን ከመንደሩ ዳር ቁልቋል ሥር አስቀመጥነው። አያ ደርቤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከፊት ሄዱ፤ እኛ ከኋላ ቀስ እያልን ተከተልን። ውሻ ጮኸ። የካሳው እናት በሩን ከፍተው ወጡና አያ ደርቤን አዩ። እዚያው መሬት ላይ ወደቁ። ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ከየቤቱ መጣ። እንዲያ የተፈሩት አባት ከቤት ወጥተው የበረቱን አጥር ይዘው ቆሙ።

አያ ደርቤ ግራ ገባቸው። በዕድሜያቸው ተናግረውት የማያውቁትን ነገር መናገር ነበረባቸው።

«ኧረ አልሞተም» አሉ በመጨረሻ። «ተባሮ ነው።»

ልቅሶው ጸጥ አለ።

«ተባሮ?» አሉ አባትየው። «ተባሮ ብቻ?»

ልጃቸውን ይገድላሉ የተባሉት ሰው መጥተው የአያ ደርቤን ጉልበት ሳሙ። ካሳው ከቁልቋሉ ሥር ሲመጣ እናቱ አንገቱን አንቀው አልለቅም አሉ። በግ ታረደ። ሊያለቅስ የመጣው ጎረቤት መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር። አንዱ «በከንቱ ከእንቅልፍ ቀሰቀሳችሁን» ሲል ሰምቻለሁ፤ ሥጋው ሲቀርብ ግን ይቅር ብሎን አጠገባችን ተቀመጠ። አባትየው ስለ ውጤቱ የጠየቁት በሦስተኛው ቀን ነው አሉ። ያኔ ደግሞ ቁጣው ወጥቶላቸው አልቆ ነበር።

«ስህተት ነው» አለኝ እንድሪስ ስንመለስ። «ወላሂ አላሰብኩትም።» አመንኩት። ጎብዬ ላይ ለሌላ ልጅ፣ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ፣ ደግሞ አያ ደርቤን አስቀድመን ስንገባ ግን «ዛሬስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዛሬም ስህተት ነው» አለ፣ ፊቱን እያዞረ። እንዲህ ሆኖ ስህተቱ ሥርዓት ሆነ። ትልልቁ መመሪያ ሁሉ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም የሚወጣው፤ ልዩነቱ የኛ መሥራቱ ነው።

የጎብዬዋ እናት እንደ ሮቢቶቹ አልሆኑም። «ኧረ አልሞተም» ሲባሉ ከወደቁበት ተነሥተው የአያ ደርቤን ዱላ ከእጃቸው ቀሙና በዚያው ዱላ ትከሻቸውን አሏቸው። «ልቤ ቢቆምስ፣ አንት ሽማግሌ? ልቤ ቢቆምስ?» እያሉ ነው የሚመቱት። ከዚያ ዱላውን ጥለው ልጃቸውን እያገላበጡ ሳሙት። እኔ ግን ሴትየዋ እውነት አላቸው ብዬ አሰብኩ፣ ለእንድሪስም ነገርኩት።

«ይኼ ጭካኔ ነው» አልኩት።

«ነው» አለ። አልካደም። «ግን መጀመሪያ ነፍሱን ስጣቸው። ውጤቱን በኋላ ያወሩታል። ውጤቱን ካስቀደምክባቸው ነፍሱን ይረሱታል።»

«ሌላ መንገድ ጠፋ?»

«ካለ አምጣ፣ አንተ የተማርክ አይደለህ?»

አላመጣሁም። የማመጣውም አልነበረኝም፤ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነው የተመረጥኩበት ሥራ። ዛሬ ላይ ሆኜ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱ እቤቱ ካደረሰው ልጅ መሀል ያን ተራራ የተሻገረ አልሰማሁም። ለዚህ ስል ብዙ ስቄበት ብዙ ወድጄዋለሁ።

ከየመርዶው ስንመለስ እማማ ሐዋ ቤት ጎራ እንላለን። እርጎና የማሽላ ቂጣ ያቀርቡልንና «ዛሬስ የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። ከዚያ አያ ደርቤን ይይዟቸዋል። «እስኪ ደርቤ፣ እንዴት አልካቸው?» አያ ደርቤ መጀመሪያ ይኮራሉ። ሲለመኑ ግን ጋቢያቸውን ይከናነባሉ፣ ዱላቸውን ያነሣሉ፣ ያንን ፊታቸውን ያመጡና «ኧረ አልሞተም፣ ተባሮ ነው» ይላሉ። እማማ ሐዋ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ በሕይወቴ እንደሳቸው የሚስቅ ሰው አላየሁም። «እኔ ጋ ስትመጣ ግን አልደነግጥልህም» ይሏቸዋል፤ «እኔ አንዴ ደንግጬ ጨርሻለሁ።» እንድሪስ ጥግ ላይ ተቀምጦ እናቱን ያያል።

የተቀየሙት አያ ደርቤ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ ቀን ቆቦ ገበያ ላይ እንድሪስን በክንዱ ያዙት።

«አንት ልጅ፣ ሥራዬን አበላሸህብኝ» አሉት። «ትናንት ለእውነተኛ ሞት ብሄድ ሰዎቹ የማን ልጅ ተባረረ እያሉ በሳቅ ተቀበሉኝ። በስንት መሐላ አመኑኝ። አሁን እኔ የቅሬ ዳኛ ነኝ ወይስ አዝማሪ?»

«ይቅር ይበሉኝ አያ ደርቤ» አለ እንድሪስ፣ አንገቱን ደፍቶ። ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ዞር ስንል ፊቱ ላይ አየሁት። «መርዶ ነጋሪ ሲመጣ የሚስቅ አገር» አለኝ፣ «ከዚህ በላይ ምን ልማት አለ?»

ዩኒቨርሲቲው ልማቱን አላየውም። ኅብረቱ ከተቋቋመበት ዓላማ ወጥቶ የለቅሶ ማኅበር ሆኗል ተብሎ ተገመገምን። ባጅ አንጋቾቹ ግምገማው ላይ ቀድመው እጅ አወጡ። በሚቀጥለው ምርጫ ክራቫቱ አሸነፈ፤ በዚያ ዓመት ውጤት የሚለጠፈው ከምርጫው በኋላ ነበር። ሙቅ ውሃው እስካሁን መንገድ ላይ ነው። እንድሪስ ማኅተሙን አስረክቦ፣ ዱላውን ከዘበኞቹ ተቀብሎ፣ ዲኑን ስለ በሬው ደኅንነት ጠይቆ ተመረቀ።

ከዚያ ሩቅ አገር ግብርና ቢሮ ተቀጠረ። እዚያም አመሉን አልተወም። አለቆቹን ከብታቸውን እየጠየቀ፣ የሠራተኛ አቤቱታ እየተሸከመ፣ ሳይመርጡት የሁሉ ተወካይ እየሆነ አታከታቸው። ከቦታ ቦታ አዛወሩት። እማማ ሐዋ ቆቦ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «እስካሁን አላባረሩትም?» ይሉኛል። «ኧረ አላባረሩትም» ስላቸው ቅር ይላቸዋል። ተባሮ እንዲመጣላቸው ይናፍቁ እንደነበር ሳልረዳ ቀልድ እየመሰለኝ አብሬ እስቅ ነበር።

እንግዲህ ያን ስልክ ከሰማሁ በኋላ በቀጥታ የሄድኩት አያ ደርቤ ዘንድ ነው። አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ የቅሬውን ዳኝነት ለሌላ ሰው ካስረከቡ ቆይተዋል። ነገርኳቸው። «ለሷማ ሌላ ሰው አይነግራትም» አሉ። ካሳው ከሮቢት በሽንኩርት መጫኛ መኪናው መጣ። ዩኒቨርሲቲ ያባረረው ካሳው ዛሬ ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ያለማል፤ ዲግሪ ያለን ሰዎች በዱቤ እንበላለን። ያን ዕለት ግን መሪውን ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

ሌላ ሰዓት እንሂድ አልኩ። ቀትር ላይ፣ ወይም አመሻሽ፣ ሌላ ሰው ጨምረን፣ ያንን የድሮውን እንዳይመስል አድርገን።

«ጀናዛው ረፋድ ላይ ይደርሳል» አሉ አያ ደርቤ። «ደግሞም መርዶ በቀትር አይነገርም።»

ጎሕ ሲቀድ ከአስፋልቱ ወርደን በእግር ገባን። አያ ደርቤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት፣ እኔና ካሳው ከኋላ። ውሻው ስለሚያውቀን አልጮኸም። እማማ ሐዋ በረት ውስጥ ላማቸውን እያለቡ ነበር። ቀና ብለው አያ ደርቤን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩ፣ ካሳውን አዩ። የወተቱን ቅል ቀስ አድርገው አስቀመጡና እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። ፊታቸው በሙሉ ሳቅ ነበር።

«አይ ደርቤ» አሉ። «እኔም ላይ?»

አያ ደርቤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«አባረሩት አይደል? ብዬ አልነበር አንት?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ያባርሩት። አልሀምዱሊላህ። ማሽላውን አረም በልቶታል፣ እኔም ጉልበት የለኝ፣ ይምጣና ይረም።» ከትከሻችን በላይ አሻግረው ወደ መንደሩ ዳር አዩ። «የት አስቀመጣችሁት? ቁልቋሉ ሥር ነው?»

ካሳው ፊቱን አዞረ።

«በል እንጂ ደርቤ፣ እንደምትለው በላ» አሉ እማማ ሐዋ። እጃቸውን አጣጥፈው፣ ለመሳቅ ተዘጋጅተው ቆሙ።

አያ ደርቤ ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አፋቸውን ከፈቱ። በስልክ በጆሮዬ የሰማሁት እኔ፣ ጀናዛው መንገድ ላይ መሆኑን የማውቀው እኔ፣ ከእማማ ሐዋ ጋር እኩል ቆሜ፣ አያ ደርቤ «ኧረ አልሞተም» እስኪሉ ጠበቅኋቸው።